ጢያ፣ አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጡሬ በአንድ ቀን፦ የት ምን ያህል እንቆይ?

ከሐዋሳ በኮስተር 24 ሆነን ጠዋት 12 ሰዓት እንነሣለን። መንገዳችን በሻሸመኔ፣ በዝዋይና በቡታጅራ ነው፤ የምናድረው አዲስ አበባ። ለሦስቱም ቦታ አንድ አንድ ሰዓት መድበን ነበር፤ ሒሳቡ ግን አልሆነም።

ጢያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው። ግቢው አንድ ላይ ስለሆነ በግማሽ ሰዓት ዞሮ መውጣት ይቻላል። ሆኖም በየድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ሰይፎች እያዩ፣ ከሥራቸው ስለተገኙት መቃብሮች ከአስጎብኚው ለመስማት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፤ ከዚህ ላይ መቀነስ አንፈልግም፣ የጉዞው ዋና ምክንያት እሱ ነው። አዳዲ ከአስፋልቱ ወጣ ይላል። ጫማ አውልቆ ጠባቡን ውቅር ቤተ ክርስቲያን በየተራ መግባት ጊዜ ይወስዳል፤ ቅዳሴ ካለ ደግሞ መጠበቅ ግድ ነው። ወር በገባ በ21 ሕዝቡ ስለሚበዛ ያንን ቀን ትተነዋል። መልካ ቁንጡሬ ሙዚየሙ በተለያዩ ጎጆዎች የተከፈለ ነው፤ የቁፋሮው ቦታ ሲጨመርበት ይረዝማል።

ከጢያ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ብንወጣ፣ ሳይመሽ ሁለቱንም በወጉ ማየት ይቻላል ወይስ አዳዲን ትተን የቀረውን ሰዓት በሙሉ ለመልካ ቁንጡሬ እንስጠው?