ስኪመሬ አረፋ አልይዝ አለኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። 200 ሊትር የጨው ውኃ አኳሪየም አለኝ። ቆሻሻን በአረፋ ከውኃው የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ፕሮቲን ስኪመሩን፣ ከገጠምኩት ሦስት ሳምንት ሆነ። ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ጽዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ድንገት ይገነፍልና ንጹሕ ውኃ ይሞላዋል። ዓሦቼ እንዳይጎዱብኝ በጣም ሰግቻለሁ።

አሠራሩን የገባኝን ያህል ልናገር። ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትርፍራፊ የሚወጣው ቆሻሻ የአየር አረፋ ላይ ይለጠፋል። አረፋው እየወጣ አንገቱ ላይ ጠጠር ይልና ጽዋው ውስጥ ይወድቃል። አረፋው በደቀቀና በበዛ ቁጥር ቆሻሻው የሚለጠፍበት ቦታ ይሰፋል። ጨዋማ ውኃ አረፋውን ደቃቅ አድርጎ ያቆየዋል፤ በጨው አልባ ውኃ ይሄ መሣሪያ እምብዛም የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ዓይነቶቹ ላይ ነው የተምታታብኝ። የድሮው በአየር ፓምፕ እየተነፋ በእንጨት ቀዳዳዎች አረፋ ያወጣል። እንጨቱ ስለሚደፈን ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ቬንቹሪ የሚባለው ውኃውን በጠባብ ቦታ አፍጥኖ አየር ይስባል። የእኔ ፓምፑ ውስጥ መርፌ መሰል ጥርሶች ያሉት ሽክርክሪት አለው፤ አየሩን የሚከትፈው እሱ ነው።

የአየር ቱቦውን በሙቅ ውኃ አጥቤዋለሁ። የጨው ልኬቱ (የውኃው እፍጋት ከንጹሕ ውኃ ሲነጻጸር) 1.025 ነው። ሳምፑ (ከአኳሪየሙ ጋር የተያያዘው፣ መሣሪያ የሚቀመጥበት ገንዳ) ውስጥ ያለው ውኃ ግን ሲተን ይወርዳል፣ ስሞላው ይወጣል። ጥፋቱ ይሄ ይሆን? ወይስ ዓሦቼ አራት ብቻ ስለሆኑ በቂ ቆሻሻ አጥቶ ነው? እባካችሁ፣ መጀመሪያ የቱን ልንካ?