የእንግሊዞች ብስኩት የኑሮ ደረጃን ያሳያል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከባለሁ። አንዱ ቤት ሻይ ሲቀርብልኝ ካስተርድ ክሪም የሚባለው ክሬም በመሀሉ ያለው ብስኩት ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ቤት ደግሞ ቀጭን የአጃ ብስኩት ከቆርቆሮ ወጥቶ፣ በአበባ ባጌጠ ሳህን ተደርድሮ ይመጣል። እንግሊዛውያን ባልደረቦቼም «ይህ የባለጸጋ ነው፣ ያኛው የሠራተኛ ነው» እያሉ ከልባቸው ይከራከራሉ። ልዩነቱ የዋጋ ብቻ ነው ወይስ ታሪክ አለው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ 1
ጤና ይስጥልኝ። ታሪክ አለው፤ የሚጀምረውም ከፋብሪካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 በሬዲንግ ከተማ የተቋቋመው ሀንትሊ ኤንድ ፓልመርስና በ1857 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ፒክ ፍሪን ብስኩትን በማሽን በብዛት ማምረት ሲጀምሩ፣ ቀድሞ አቅም ላለው ብቻ ይቀርብ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ወደ ሠራተኛውም ቤት ገባ። ፒክ ፍሪን የነበረበት በርመንዚ የወደብና የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ጋሪባልዲ የሚባለው ብስኩት በ1861፣ ቡርቦን የሚባለው ደግሞ በ1910 የወጡት ከዚሁ ድርጅት ነው። አንዱ በጣሊያናዊው አርበኛ፣ ሌላው ይኸው አርበኛ ከኔፕልስ ዙፋን ባስወገደው ንጉሣዊ ቤተሰብ ስም መጠራታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ብስኩቱ ለሁሉም ከተዳረሰ በኋላ ግን መለያው ወደ አቀራረቡ ዞረ ብዬ አምናለሁ። እርስዎም ያስተዋሉት ላስቲኩን፣ ቆርቆሮውንና ሳህኑን ነው።

ምላሽ 2
ከላይ በተሰጠው ምላሽ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ዋጋን ጨርሶ መተው አይገባም፤ መንግሥት ራሱ መስመር አስምሯልና። በብሪታንያ ተራ ብስኩት እንደ መሠረታዊ ምግብ ስለሚቆጠር የተጨማሪ እሴት ታክስ አይከፈልበትም፤ በቸኮሌት የተሸፈነ ከሆነ ግን እንደ ቅንጦት ታይቶ 20 በመቶ ይከፈልበታል። ቸኮሌቱ በመሀሉ ያለው ቡርቦን ነጻ ሲሆን፣ ቸኮሌት በላዩ የተቀባው ዳይጀስቲቭ የተባለው የስንዴ ብስኩት ግን ይከፈልበታል። በላዩ ቸኮሌት ያለው ጃፋ ኬክም በ1991 የታክስ ችሎት ፊት ቀርቦ «ኬክ ነው» ስለተባለ ከታክሱ ድኗል። ስለ አጃው ብስኩት ከሆነ፣ ያኔ ልዑል የነበሩት ቻርልስ በ1990 ያቋቋሙት ዳቺ ኦሪጂናልስ የተባለ የምግብ ድርጅት መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው የአጃ ብስኩት ነው። የሚሸጠውም የተሻለ ገቢ ያላቸው ሰዎች በሚያዘወትሩት ዌይትሮዝ በተባለ ሱፐርማርኬት ስለሆነ፣ ባልደረቦችዎ የባለጸጋ ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምላሽ 3
እኔ ደግሞ አበላሉን እጨምራለሁ። ብስኩትን ሻይ ውስጥ ነክሮ መብላት በግንባታ ቦታም ሆነ በቢሮ የተለመደ ነው፤ ሥርዓት በሚጠበቅበት የከሰዓት ሻይ ላይ ግን ብዙዎች እንደ ነውር ያዩታል። ሪች ቲ የሚባለው ስስ ብስኩት ትንሽ ከቆየ ተቆርሶ ጽዋው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ አጥልቆ ወዲያው ማውጣት ያስፈልጋል። ከ1892 ጀምሮ የሚመረተው የማክቪቲስ ዳይጀስቲቭ ግን የየትኛውም መደብ ነው ሊባል አይችልም፤ በሀብታሙም በድሃውም ቤት ይገኛል። ስለዚህ ጠያቂያችን ሰው ቤት ይዘው የሚሄዱት ሲፈልጉ ዳይጀስቲቭ ቢገዙ ማንም ቅር አይለውም፤ በዓል ከሆነ ደግሞ በቆርቆሮ የታሸገ ሾርትብሬድ የሚባለው የስኮትላንድ የቅቤ ብስኩት ይሻላል።