ብየዳ ቤትና እንጨት ቤት ከመኖሪያ ሰፈር ይውጡ ወይስ ይቆዩ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅይጥ መኖሪያ በሚባሉ፣ ቤትና ንግድ አብረው ባሉባቸው ሰፈሮች የሚገኙ ብየዳ ቤቶች፣ እንጨት ቤቶችና ጋራዦች በንግድ ፈቃዳቸው ዓይነት ተለይተው ይውጡ? ወይስ ጎረቤት ላይ የሚያደርሱት ጫና ተለክቶ ልኩን ያለፈው ብቻ ይነሣ? እባካችሁ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።

ፕላነር፦ እኔ በዓይነት ይለይ ባይ ነኝ። «ብየዳ በዚህ ቀጠና አይፈቀድም» የሚል ደንብ ካለ ነገሩ ገና ፈቃድ ሲጠየቅ ይቆማል። በልኬት ከሆነ ግን ሰውየው ማሽን ተክሎ፣ ቆጣሪ አስገብቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ካበቃ በኋላ ነው «ከልክ አልፈሃል» የሚባለው። ያን ጊዜ ማን ደፍሮ ያነሣዋል? ሥራን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። መርካቶ ሸማ ተራና ምን አለሽ ተራ አለ፤ ደንበኛ ዋጋ ያወዳድራል፣ ጩኸቱም እዚያው ይቀራል።

ብረት ሠሪ፦ ተራው ዕቃውን ሠርቶ ለሚሸጥ ይሆናል። በርና መስኮት የሚያሠራ ሰው ግን ሠሪው ቤቱ መጥቶ እንዲለካለት፣ ሲገጥም 1 ሳንቲ ሜትር ከጎደለ ወስዶ እንዲያስተካክልለት ይፈልጋል። የምንሠራበት ሼድ ከተማ ዳር ከሆነ ያ 1 ሳንቲ ሜትር የአይሱዙ ኪራይ ሆኖ በደንበኛው ሒሳብ ላይ ይደመራል። ደግሞም የፈቃዱ ስም ጉዳቱን አይናገርም። ሽሮ ሜዳ ቤቱ ውስጥ የሚሸምነው ሰው አምራች ነው፣ ጎረቤት ግን አይቀሰቅስም። ግሮሰሪው አገልግሎት ሰጪ ነው፣ ስፒከሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይጮኻል። በስም ከለየን ሸማኔው ወጥቶ ግሮሰሪው ሊቀር ነው!

ድምፅ ለኪ፦ ልኬቱ እኮ አለ። የአገሪቱ የድምፅ ብክለት ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ ለኢንዱስትሪ 75 እና 70። ቀን የሚባለው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። አሁን ግራይንደር ውሰዱ። ብረት ሲቆርጥ 1 ሜትር ላይ 100 ዲሲቤል አካባቢ ያሰማል። ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ይቀንሳል፤ ስለዚህ 8 ሜትር ላይ ያለው ጎረቤት ጋ 82 ይደርሳል፣ ከልኩ 27 ይበልጣል። በርቀት ብቻ 55 ላይ ለማድረስ 180 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ሰፈር ውስጥ ይህን ያህል ባዶ ቦታ የለም፤ ስለዚህ ወሳኙ ግድግዳው ነው።

ሁለት ወገን የተለሰነ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት 45 ዲሲቤል ገደማ ያስቀራል፣ ቆርቆሮ ግን 20 ቢያስቀር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክፍተት ላይ ነው። 4 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ከጣሪያው ሥር 3 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቢቀር፣ ያቺ ክፍተት የግድግዳው 1 በመቶ ናት። 1 በመቶ ክፍት የሆነ ግድግዳ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ከ20 ዲሲቤል በላይ አያስቀርም። ብሎኬቱ ተገንብቶ፣ ገንዘቡ ወጥቶ፣ ውጤቱ የቆርቆሮ ይሆናል። የመንገድ በሩ ተከፍቶ ከተሠራ ደግሞ ጭራሽ አይነሣ።

ፕላነር፦ ትክክል። ግን ይህን ወረዳ ውስጥ ማን ይለካዋል? በስልክ አፕሊኬሽን?

ድምፅ ለኪ፦ በስልክ አይሆንም፣ ማይክራፎኑ በመደበኛ ድምፅ ያልተስተካከለ ነው። መለኪያው ከመሬት 1.2 እስከ 1.5 ሜትር ከፍ ይላል፣ ከግድግዳ 3.5 ሜትር ይርቃል። መጀመሪያ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ከዚያ እየሠራ ይለካል። ልዩነቱ ከ3 ዲሲቤል ካነሰ የለካችሁት የመንገዱን መኪና ነው፣ በዚያ ሰውን መክሰስ አይገባም።

የመብራት ባለሙያ፦ መካከለኛ መንገድ አለ። ጃፓን ዝቅተኛ ቤቶች ብቻ በሚፈቀዱበት ቀጠና እንኳ ቤትና ሱቅ አንድ ላይ ይፈቀዳል፤ የንግዱ ክፍል ከ50 ካሬ ሜትርና ከቤቱ ግማሽ እንዳይበልጥ ተደርጎ። የዳቦ ቤት ዓይነቱ ሥራ ላይ ደግሞ የሞተሩ ጉልበት 0.75 ኪሎ ዋት ተብሎ ተወስኗል። ካሬ በሜትር ይለካል፣ ኪሎ ዋቱ ሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ታርጋ ይነበባል። ማንም የወረዳ ሠራተኛ ይችለዋል። የጎረቤት አምፖል ሲደምቅና ሲደበዝዝ የሚታየውም ከዚሁ ነው፦ 5.5 ኪሎ ዋት ሦስት ፌዝ ሞተር ሲሠራ 11 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሲነሣ ግን ስድስት እጥፍ ይደርሳል። ስታር ዴልታ ማስነሻ ከተገጠመለት ያ ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ብረት ሠሪ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግራይንደር ላይ ግን ይስታል። ትልቁ ባለ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ከ2 ኪሎ ዋት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ሰፈሩን የሚረብሸው ግን እሱ ነው። እውነቱን እንነጋገርና ግማሹ ጩኸት የሚቀነሰው በአሠራር ነው። ላሜራ ሲቆረጥ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ መቁረጫው አጠገብ ጥርቅም ተደርጎ ከተያዘና ከሥሩ ጎማ ከተነጠፈ ድምፁ ይታፈናል።

የኮሚቴ ሰብሳቢ፦ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይስ? እዚያ በአየር የሚመጣው ድምፅ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ወለሉ ላይ ታስሮ ከቆመ ንዝረቱ በኮንክሪቱ ዓምድ አድርጎ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ የብሎኬት ውፍረት አይመልሰውም። ቫርኒሽ የሚረጭበትም እንደዚያው ነው። የቲነሩ ትነት ደረጃውን ይዞ ይወጣል፣ ሰጋቱራ ባለበት ክፍል ከሆነ ደግሞ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ልኬት አልጠብቅም፤ በስም ይከልከል።

የሕግ ባለሙያ፦ ስለ ጎረቤት መብት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 አለ። ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ያዛል፣ የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታም ይታያል ይላል። ስለዚህ ፈቃድ ማግኘት ብቻውን ጎረቤትን ለማወክ መብት አይሰጥም። የፍርድ ቤቱ መንገድ ግን ረጅም ነው።

ፕላነር፦ እንግዲህ በከፊል ልቀበል። በጋራ ሕንፃ ሥር ማንኛውም የታሰረ ማሽንና የቀለም ርጭት በስም ይከልከል። ጋራዥም ዘይት መለያ ጉድጓድ ከሌለው በስም ይከልከል፤ ያለውም ቢሆን ሞተር በኦሞ እያጠበ እዚያው የሚለቅ ከሆነ ሳሙናው ዘይቱን ከውኃው ጋር ስለሚያዋህደው ጉድጓዱ ሳይለየው ያልፋል። የቀረው በልኬት ይሁን። ግን ልኬቱ ማሽኑ ከመታሰሩ በፊት ይሁን፦ አመልካቹ የግድግዳውን ዓይነት፣ የበሩን አቅጣጫና የማሽኖቹን ታርጋ አስገብቶ፣ ግራይንደሩን ለ10 ደቂቃ አሠርቶ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ይለካ።

ብረት ሠሪ፦ በዚህ እስማማለሁ። ነባሮቹስ? ግድግዳ የሚለስኑበት፣ ከጣሪያ ሥር ያለውን ክፍተት የሚደፍኑበት 6 ወር ይሰጣቸው።

የኮሚቴ ሰብሳቢ፦ 3 ወር። ልጆች በዚያ ጩኸት ውስጥ ነው የሚያጠኑት።