ክራር ኮሌክቲቭን በትንሽ ክለብ ልናይ ነው፤ አባዬን የት ጋ ላቁማቸው?

የደሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለንደን ነው። ክራር ኮሌክቲቭ የሚባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አልበም ስልኬ ላይ ካለ ስንት ዓመቱ። በአካል ግን አይቻቸው አላውቅም፤ የሌሊት ሥራ መቼ ያስወጣል። ቅዳሜ ማታ ምሥራቅ ለንደን አንዲት ትንሽ ክለብ ውስጥ ይጫወታሉ። ሁለት ትኬት ቆረጥኩ።

ሁለተኛው የአባዬ ነው። ሊጠይቁኝ ከደሴ መጥተዋል። 71 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ክራር ይመቱ ነበር፤ እኛ ስንወለድ ተዉት። በኤሌክትሪክ የሚመታ ክራር ሰምተው አያውቁም። ክለቡ ወንበር የለውም አሉኝ። ድምፁ ይከብዳቸው ይሆን? የት ጋ ብንቆም ይሻላል?

ሳሪስ፦
ወንድሜ፣ ለክለቡ ዛሬውኑ ደውልና ትልቅ ሰው ይዤ እመጣለሁ በላቸው። አንድ ወንበር አይጠፋም። በር ሲከፈት ግቡ። የጆሮ መድፈኛም ከፋርማሲ ያዝላቸው፣ ባይጠቀሙበትም ኪስ ውስጥ ይኑር።

ባለክራሯ፦
እኔ አይቻቸዋለሁ፣ እንደዛው ትንሽ ክለብ ውስጥ። በረዶ የጣለበት ሰሞን ነበር። ክፍሉ መቶ ሰው አይዝም። መድረኩ ከወለሉ አንድ ክንድ ቢነሳ ነው። ከእኔ እስከ ተመስገን ዘለቀ ክራር ሁለት እርምጃ ብቻ።

እኔም ክራር እየተማርኩ ስለሆነ ዓይኔን ከእጁ ላይ መንቀል አቃተኝ። ቀኝ እጁ አውታሮቹን በሙሉ አንድ ላይ ይገርፋል። የግራ እጁ ጣቶች ከጀርባ ሆነው የማይፈለጉትን ያፍናሉ። የሚጮኸው ጣት የለቀቀው አውታር ብቻ ነው። ይሄ ነገር በጆሮ ብቻ አይገባም፣ መታየት አለበት። ከዚያ ድንገት ግርፉን ትቶ ወደ ድርደራ ገባ። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ። ሲጮህ የነበረው ክፍል ጸጥ አለ። ባንኮኒው ላይ ብርጭቆ ሲቀመጥ እንኳ ተሰማኝ።

ጊታር የሚባል ነገር አልነበረም። ክራር፣ ከበሮ፣ የገነት አሰፋ ድምፅ። ግን ሮክ ነው! ክራሩ በማጉያው ሲወጣ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው። ክራርን እንዲህ ማስጮህ ማበላሸት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። በፍጹም አልስማማም። ለጸሎት የሚደረደረው በገና ነው። ክራርማ ድሮም የሠርግና የጭፈራ፣ የፍቅርና የመጠጥ ቤት ነው። ሮቤል ተስፋዬ ከበሮውን መምታት ሲጀምር አጠገቤ የነበሩት ፈረንጆች የት ላይ እንደሚያጨበጭቡ ጠፋቸው። ከኋላ አንዲት እናት እልል አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ምቱን ያዘ።

አባትህ ክራር ይመቱ ከነበረ ከኋላ እንዳታቆማቸው። ጣቶቹ የሚታዩበት ቦታ ፈልግላቸው፣ ፊት ለፊት ግን ከማጉያው ራቅ ብሎ። ደግሞ በዘፈንና በዘፈን መሃል ክራሩ ሲቃኝ አታዋራቸው፣ እባክህ። ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲዞር የሚነካካው ጥቂት አውታር ብቻ ነው፤ ግን አገሩ ሁሉ ይለወጣል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የወሎ ስም ናቸው። አባትህ ያቺን ጊዜ ይፈልጓታል።

ድምፅ ቤት፦
ሙያዬ ድምፅ ነው። ጥግ ላይ አትቁሙ፤ የከበሮው ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ጋ ይጠራቀማል፣ ለትልቅ ሰው ያደክማል። ባለሙያው ማስተካከያውን ይዞ የሚቆምበት አካባቢ ድምፁ ሚዛናዊ ነው። መጀመሪያ ፊት ቁሙ፣ ሲደክማቸው ወደዚያ ውሰዳቸው።

የደሴ ልጅ፦
ሄደን መጣን። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንበር ሰጡን፣ ከመድረኩ ሦስት እርምጃ ላይ። መድፈኛው ከኪሴ አልወጣም።

አባዬ በመጀመሪያው ዘፈን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም። ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ሁለተኛው አልቆ ክራሩ ሲቃኝ ምክርሽን ሰምቼ አፌን ያዝኩ። ሁለት አውታር እንደተነካ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ባቲ ነው» አሉኝ። ዘፈኑ ገና አልተጀመረም። ባቲ ነበር! ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ ያየሁት ከእህቴ ሠርግ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አጠገባችን የነበረ ወጣት እስክስታውን ከእሳቸው እያየ ይሞክር ነበር።

በአውቶቡስ ስንመለስ ብዙ አላወሩም። ከፊታችን ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያነሱና ያሳርፉ ነበር። ሰፈር ልንደርስ ስንል «እዚህ አገር ክራር ይገኛል?» ብለው ጠየቁኝ።

ባለክራሯ፣ ያንቺን ከየት ነው የገዛሽው? አባዬ እዚህ የሚቆዩት እስከ ሐሙስ ነው።