የአማርኛን ጽሑፍ ወደ ጂኦሜትሪያዊ ሥዕል ስንለውጥ ፊደሉ ራሱ ቅርጹን ሊወስን ይችላል?

ጥያቄ፦ የኮዬው ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሰፈራችን ሽማግሌዎች በበዓል የሚመርቁትን ምርቃት ጽፌ፣ ከጽሑፉ ረቂቅ ጂኦሜትሪያዊ ሥዕል የሚያወጣ ፕሮግራም በፒፋይቭ ጄኤስ (በኮድ ሥዕል ለመሥራት በሚያገለግል የጃቫስክሪፕት መሣሪያ) እየሠራሁ ነው፤ ሥዕሉ ታትሞ በጋራ መጠቀሚያ ሕንጻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ለጊዜው እያንዳንዱን የምርቃት መስመር በሻ-256 ሀሽ (ጽሑፍን አደባልቆ ርዝመቱ የማይለወጥ ቁጥር በሚያደርግ ስሌት) ወደ 256 ቢት ቁጥር እለውጥና ቅርጹንም ቀለሙንም ከዚያ እወስዳለሁ። ውጤቱ ያምራል፤ ነገር ግን በየመስመሩ መጨረሻ የሚደጋገመው «አሜን» በሥዕሉ ላይ ፈጽሞ አይታይም። ምርቃቱን የሚያውቅ ሰው ሥዕሉ ውስጥ እንዲያገኘው ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ካዕብ

ሀሽ የተሠራው ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ምንጩ መመለስ እንዳይቻል ስለሆነ ለዓላማዎ አይስማማም። የፊደላችን አቀማመጥ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ግን የሚፈልጉትን ሥርዓት አስቀድሞ ይዟል። «ሀ» በ4608 ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ከፊደሉ ቁጥር ላይ 4608 ቀንሰው ቀሪውን ለ8 ቢያካፍሉት፣ ድርሻው ቤቱን፣ ትራፊው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል። «ሜ» 4636 ነው፤ ልዩነቱ 28፣ ድርሻው 3፣ ትራፊው 4 ይሆናል፤ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚነሣም የ«መ» ቤት ኃምስ ማለት ነው። በዚሁ ስሌት «አ» 20 እና 0፣ «ን» 18 እና 5 ይሰጣሉ። ድርሻው ቀለሙን ይወስን፤ ትራፊው በ45 ዲግሪ ተባዝቶ ቅርጹን ያዙር። ያን ጊዜ «አሜን» በመጣ ቁጥር ያው ሦስት ቅርጽ በዚያው ቅደም ተከተል ይታያል።

መልስ፦ ሳድስ

በካዕብ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር። በአማርኛ ጽሑፍ ሳድስ እጅግ ስለሚበዛ፣ ለእርሱ ከባድ ቅርጽ ከተሰጠ ሥዕሉን ሁሉ ይውጠዋል፤ ቀጭን መስመር ይበቃዋል። ደግሞም «ቈ»፣ «ኰ» እና «ጐ» የየራሳቸው ረድፍ ስላላቸው፣ ከ«ቀ»፣ ከ«ከ» እና ከ«ገ» ጋር አንድ ቀለም እንዲይዙ ከፈለጉ በፕሮግራሙ ውስጥ ለይተው ማዘዝ ይኖርብዎታል።

መልስ፦ ድርና ማግ

ሽሮ ሜዳ ከሽመና ጋር ያደግሁ ነኝና ስለ አደራደሩ ልናገር። የጥበብ ጥለት ዓይን የሚይዘው የሚደጋገመው ክፍል ቦታውን ጠብቆ ሲመጣ ነው። ስለዚህ አንዱን የምርቃት መስመር በአንድ ረድፍ ያኑሩት፤ ረድፎቹንም ሁሉ በቀኝ ጠርዝ ያስተካክሏቸው። «አሜን» ከላይ እስከ ታች ወጥ ጥለት ሆኖ ይወርዳል፤ ርዝመታቸው የሚለያየው የምርቃቱ ቃላትም በግራ በኩል እንደየመጠናቸው ይዘረጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 በኮምፒውተር መሥራት የጀመሩት ሠዓሊ ቬራ ሞልናር በሥርዓት በተደረደሩ ካሬዎች ላይ ጥቂት መዛነፍ ይጨምሩ ነበር። እርስዎም ይህን ከወደዱ፣ መዛነፉ በዕጣ ሳይሆን ከቃሉ የፊደል ብዛት ይነሣ፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ያው ምርቃት ሌላ ሥዕል ይወጣዋል።

የኮዬው ነዋሪ

እግዜር ይስጥልኝ። ሀሹን ትቼ በማካፈሉ ስልት እሠራዋለሁ፤ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ባሉበትም ባዶ ካሬ እተዋለሁ፤ መራቂው ትንፋሽ የሚወስደው እዚያ ላይ ነውና።