መብራት ጠፍቶ ያደረ ዶሮ ወጥ ይበላል?

ጥያቄ፦ ትናንት ማታ 3 ሰዓት መብራት ጠፋ። የመጣው ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ድስት ዶሮ ወጥ፣ ወተትና ለክትፎ ያልኩት ሥጋ አለ። ወጡ አይሸትም። አሙቄ ልብላው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሪጅ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው። አንቺ 11 ሰዓት ሆኖሻል። ክትፎውንማ እርሺው!

መልስ፦ እናቴ ጠዋትና ማታ እያፈላች ሦስት ቀን ታቆየው ነበር። ፍሪጅ መቼ ነበረን?

መልስ፦ እሷ በየጊዜው እያፈላች ነዋ። አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ግን ቢፈላም አይጠፋም፤ አይሸትምም። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት ይይዛል። እኔ ክፍተቱን በውሃ ጠርሙስ እሞላዋለሁ።

ጠያቂዋ፦ ደፋሁት፣ አንጀቴ እያረረ። ንጥር ቅቤውስ?

መልስ፦ እሱ ውሃው ወጥቶለታል፣ አትድፊው።