የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኝነት መሸጋገሪያ ነው ወይስ መድረሻ?

አወያይ፦ ለክርክር ያቀረብነው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሚሾም ዳኛ የሙያ እድገት ነው። ልምድ ያካበተ ዳኛ ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማለፍ አለበት ወይስ በዚያው በሚያስችልበት ፍርድ ቤት ማዕረጉና ደመወዙ ሊያድግ ይገባል?

ጠበቃ፦ እዚያው ማደግ አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሰጠው ሥልጣን መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለባቸውን የመጨረሻ ውሳኔዎች ማረም ነው፤ የትኛው ምስክር ይታመናል የሚለው ጥያቄ በሰበር ዳግም አይመዘንም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩን ሊመረምር ቢችልም አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው የተገለበጠ የምስክርነት ቃል ነው። ብድር መመለሱን ለማስረዳት የቀረበ ምስክር «ገንዘቡ ሲቆጠር በቦታው ነበሩ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ጠራው ተከራካሪ ዞር ብሎ ቢመለከት፣ ይህን ያየው የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ብቻ ነው፤ መዝገቡ ላይ የሚነበበው «አዎ፣ ነበርኩ» የሚለው ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ኃላፊነቱ ከብዷል። በአዋጅ ቁጥር 25/1988 መሠረት ከ500,000 ብር በላይ የሆነ የፍትሐ ብሔር ክርክር የሚጀመረው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ጣሪያውን ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። ትልልቁ ክርክር ወደ ታች ሲወርድ ልምድ ያለው ዳኛ ወደ ላይ እንዲወጣ መጠበቃችን እጅግ ያሳስበኛል።

የሕግ መምህር፦ ጠበቃው ስለ ማስረጃ ምዘና ያነሡት ትክክል ነው። ነገር ግን ምስክር ሰምቶ የማያውቅ ሰው በይግባኝ ሰሚነት ቢቀመጥ፣ ስለ ሥር ፍርድ ቤቱ ችግር ምን ሊያውቅ ይችላል? እድገት ከሌለ ደግሞ ጎበዙ ዳኛ ወደ ጥብቅና ወይም ወደ ባንክ የሕግ ክፍል ይሄዳል፤ ያኔ ከላይም ከታችም እናጣዋለን።

ጠበቃ፦ ወደ ላይ የሚወስደው በር ይዘጋ አላልኩም፤ ብቸኛው በር አይሁን ነው ያልኩት። በአንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ዳኞች በፌዴራል የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ቀርበው፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። እድገት ሁሉ በዚህ መንገድ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ መንግሥት ተከራካሪ የሆነበትን መዝገብ የያዘ ዳኛ የነገ ሹመቱን እንዲያስብ እንገፋፋዋለን፤ አንቀጽ 79 የሰጠው ነፃነት በተግባር የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። በዚያው ፍርድ ቤት ውስጥ የሚሰጥ ማዕረግ በጉባኤው ብቻ የሚወሰን ቢሆን ጫናው ይቀንሳል።

የሕግ መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን መመዘኛው አስቀድሞ ይጻፍ። ማዕረጉ በተዘጉ መዝገቦች ብዛት የሚሰጥ ከሆነ፣ ምስክርን በትዕግሥት የሚሰማውና ተጨማሪ ቀጠሮ የሚሰጠው ዳኛ ይጎዳል። እኔ የምደግፈው በይግባኝ የጸኑና የተሻሩ ውሳኔዎች ከነምክንያታቸው ተነብበው፣ በተለይም የማስረጃ ትንተናቸው ተመዝኖ የሚሰጥ ማዕረግን ነው። መዛኞቹም ራሳቸው በሥር ፍርድ ቤት ያስቻሉ መሆን አለባቸው።